አስራ አራት ቁጥርን የሚጠራው ኮምፒውተር

«ይኸው፣ እንደገና ጠየቀ» አለች ጉንዳን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሬዲዮ የተቀመጠችበትን ባለጎማ ወንበር በእግሯ እየገፋች አጠገቧ ደረሰች። «ማን ነው የጠየቀው? ምን ብሎ?»

«ዘጠኝ ቁጥር። አስራ አራት ቁጥር ማነው ይላል።»

«እና ማነው?»

«እሱን አይደል እንዴ እኔም የምፈልገው!»

የስልጠናው ላፕቶፕ ላይ መስመሮች እየተከታተሉ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ መስመር በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ማሽን ለሌላው የላከው ነገር ነው። የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ከፕሪንተሩ ጋር ያወራል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ከሰርቨሩ ጋር። ላፕቶፑ የተሰካው የሁሉም ወሬ ግልባጭ በሚመጣበት ኬብል ላይ ስለሆነ ከዚያ ወንበር የማይታይ ነገር የለም። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል በየግማሽ ደቂቃው አንድ ዓይነት መስመር ብቅ ይል ነበር።

አስራ አራት ቁጥር ማነው? ለዘጠኝ ቁጥር ንገሩት።

ጥያቄው በራሱ እንግዳ አልነበረም። ኮምፒውተሮች ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይጠራራሉ። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ ቁጥሩን ለሁሉም ይጮኻል፤ ባለቁጥሩ «እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይላል፣ የቀሩት ዝም ይላሉ። «ሰው የሞላበት አዳራሽ በር ላይ ቆማችሁ ስም እንደመጥራት ነው» ብላ ነበር ቴክኒሻኗ ያስተማረቻቸው። እንግዳው ነገር ለዚህኛው ጠሪ ማንም አለመመለሱ ነው። ጠዋት ላፕቶፑን ሲከፍቱት እየጠየቀ ነበር። አሁን የምሳ ሰዓት እያለፈ ነው፣ አሁንም ይጠይቃል። አልፈጠነም፣ አልዘገየም፣ አልሰለቸውም።

ሁለቱ ልጆች ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰው እረፍት ላይ ናቸው። የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ የምትጠብቀው ቴክኒሻን ሥራው ስለበዛባት፣ ከተማሪዎች ሁለት መርጣ ለሦስት ሳምንት ማሰልጠን ጀምራለች። በመጨረሻው ቀን ፈተና አለ። ያለፈች በሚቀጥለው ዓመት ረዳቷ ትሆናለች። ጉንዳን ቅጽል ስሟን ያገኘችው ትንሽ ስለሆነችና የያዘችውን ስለማትለቅ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም።

ጉንዳን የአድራሻ መዝገቡን ሳበች። በትምህርት ቤቱ ያለ ማሽን ሁሉ ቁጥሩና ያለበት ክፍል በቴክኒሻኗ የተጠጋጋ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ከስምንት ቀጥሎ አስር ነበር። ከአስራ ሦስት ቀጥሎ አስራ አምስት።

«ተዘለዋል» አለች ሬዲዮ። ለአፍታ ምንም አልጨመረችም፤ ለእሷ ይህ ብዙ ነው።

ቴክኒሻኗ እቃ ልትወስድ ስትገባ ጉንዳን ጊዜ አላጠፋችም። «እትዬ፣ ዘጠኝ ቁጥር የማን ነው?»

ቴክኒሻኗ ከመደርደሪያው ላይ ኬብል እያነሳች ነበር። እጇ ባለበት ቆመ። ወደ እነሱ አልዞረችም። «አሮጌ ፕሪንተር ነው» አለች። «ተይው፣ እሱ አይመለከትሽም።»

ኬብሉን ሳትወስድ ወጣች።

«ፕሪንተር ሰው ይፈልጋል እንዴ?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። «ፕሪንተር እኮ የሚፈለግ ነው እንጂ የሚፈልግ አይደለም።»

ጉንዳንም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ለዘጠኝ ቁጥር «አለህ?» የምትል ትንሽ መልእክት ላከች። መልሱ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ተመለሰ። አለሁ። እንዲህ የሚፈጥን መልስ ከሩቅ አይመጣም። የሚያወራው ነገር እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

የኔትወርኩ ኬብሎች ሁሉ የሚገናኙበት ስዊች በክፍሉ ጥግ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጉንዳን ከስዊቹ ዝርዝር ላይ ዘጠኝ ቁጥር በስንተኛው ቀዳዳ እንደሚመጣ ፈለገች፤ የመጨረሻው ነበር። የሌሎቹ ኬብሎች ሁሉ አንገታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቢሮ፣ ላብራቶሪ እየተባለ። የዚህኛው ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ኬብሉ ግድግዳውን ይዞ ይወጣና በኮርኒሱ ቀዳዳ ይገባል።

«ምሳ ከመብላታችን በፊት ወዴት እንደሚሄድ ብቻ እንየው» አለች።

«ብቻ ስትይ ነው የምፈራሽ» አለች ሬዲዮ፣ ግን ተከተለቻት።

ኬብሉ ኮሪደሩ ላይ ከኮርኒሱ ወጥቶ በግድግዳው ጫፍ ይሄዳል። ተማሪ የሌለበት ኮሪደር የእግራቸውን ድምፅ መልሶ ይሰጣቸዋል። የመምህራንን ክፍል አለፉ፣ የስፖርት እቃ ክፍሉን አለፉ፣ መጨረሻ ላይ ኬብሉ በአንድ የተቆለፈ በር አናት ገባ። ከሦስት ዓመት በፊት ጣሪያው በዝናብ ተበላሽቶ የተዘጋው ክንፍ ነው። ሁለቱም ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመጡ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

በውጭ በኩል ዞረው ወደ መስኮቶቹ ሄዱ። ሦስት ሠራተኞች ከጣሪያው ላይ ቆርቆሮ እያወረዱ ነበር።

«ልጆች፣ ራቁ!» አላቸው አንዱ ከላይ። «ሰኞ ይፈርሳል ይሄ። ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ ይቆረጣል፣ እንዳትጠጉ።»

«እሺ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ አይተን!» አለች ሬዲዮ።

ጉንዳን መስታወቱን በእጅጌዋ ጠርጋ ፊቷን አስጠጋች። ውስጡ ግራጫ ነው። የተደራረቡ ጠረጴዛዎች፣ የረገበ ኮርኒስ፣ ወለሉ ላይ የማንም እግር ያልረገጠው ወፍራም አቧራ። በጥጉ ግን አንድ ጠረጴዛ ብቻውን ቆሟል። ከፊቱ ያለው ወንበር ባለቤቱ አሁን የተነሳ ይመስል ወደ ጎን ዞሯል፤ መደገፊያው ላይ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ከጠረጴዛው ሥር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል። ብልጭ፣ ጨለም፣ ብልጭ።

«ማነው የሚጠቀምበት?» አለች ሬዲዮ።

«ወለሉን እዪው። ማንም አልገባም።»

መስታወቱ ቀጭን ነበርና የማራገቢያው ድምፅ ተሰማቸው፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ከዚያ ድንገት ከፍ አለ። ሬዲዮ የጉንዳንን ክንድ ጨመደደች፤ ማናቸውም «እንሂድ» ሳይሉ ሁለቱም ሄዱ።

ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሲመለሱ ሁለቱም የምግብ ፍላጎት አልነበራቸውም። ላፕቶፑ ላይ ጥያቄው እየተደጋገመ ነው።

«መልሺለት» አለች ሬዲዮ።

«ምን?»

«አስራ አራት እኔ ነኝ በይው። የራስሽን ኮምፒውተር ቁጥር መቀየር እኮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምን እንደሚፈልግ እናያለን፣ ከዚያ ትመልሺዋለሽ። ማን ያውቃል?»

ያልተሰጣትን አድራሻ የያዘች ከስልጠናው ትወጣለች፤ ቴክኒሻኗ በመጀመሪያው ቀን የተናገረችው ይህን ነው፣ ሁለት ጊዜ። ጉንዳን ታስታውሳለች። ግን መስመሩ እንደገና ብቅ አለ፣ እንደገናም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶ መልስ እንደነፈገችው ዓይነት ስሜት ተሰማት። አጠገቧ ያለውን ዴስክቶፕ ሳበችና ቁጥሩን አስራ አራት አደረገችው።

ጥያቄው መጣ። ኮምፒውተሯ ማንንም ሳያስፈቅድ መለሰ። እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ።

ጥያቄው ቆመ።

ከዚያ ዘጠኝ ቁጥር አንድ አዲስ መስመር ላከ፤ ከአስራ አራት ጋር ወሬ ለመጀመር የሚላከው የመጀመሪያ ሰላምታ ነበር። የጉንዳን ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ወሬ የሚቀበል ፕሮግራም ስለሌለው በሩ ዝግ ነው ብሎ መለሰ። ዘጠኝ ቁጥር ወዲያው ሌላ ላከ። ዝግ ነው። ሌላ። ዝግ ነው። አሁን በግማሽ ደቂቃ አይደለም፤ መስመሮቹ ስክሪኑን ሞልተው ይወርዳሉ፤ ከውስጥ ሰው እንዳለ ያረጋገጠ እንግዳ በር እንደሚደበድበው።

«አጥፊው! ኧረ አጥፊው!» አለች ሬዲዮ።

ጉንዳን የዴስክቶፑን ኬብል ነቀለች። ቁጥሩን ወደ ቀድሞው መልሳ ወንበሯን ሳታስተካክል በኮሪደሩ ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

ቴክኒሻኗ በሩን ገፍታ ገባች። በትምህርት ቤቱ ስትሮጥ ያያት ሰው የለም። ፊቷ ደም የሌለበት ይመስላል። «አስራ አራት ብሎ የመለሰ አለ» አለች፤ ቃሉ በትንፋሽ ተቆራረጠ። «ቢሮዬ ያለው ስክሪን ላይ አሁን ብቅ ብሎ ጠፋ። እናንተ ናችሁ?»

«ኧረ እኛ ምንም አልነካንም!» አለች ሬዲዮ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «ምሳ ልንሄድ ነበር። አይደል?»

ጉንዳን ዓይኗን ወደ ነቀለችው ኬብል መለሰች።

ቴክኒሻኗ የምትቆጣ መስሏት ነበር። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ወደ ስዊቹ ዞረች፣ ወረቀት የሌለውን ኬብል በሁለት ጣቷ ነካች፣ እሱን ተከትላ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ አነሳች። «እናንተ ካልሆናችሁ…» አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፣ የጠፋ ሰው ድምፅ የሰማች ይመስል። ሳትጨርሰው ወጣች። ኮቴዋ ቀስ እያለ ራቀ።

«ተረፍን» አለች ሬዲዮ። «እዪኝ እንጂ፣ ተረፍን እኮ!»

«ፊቷን አላየሽውም?»

«አየሁት። ለዚህ እኮ ነው ዝም የምንለው። ብትነግሪያት ዛሬውኑ ትወጫለሽ፤ እኔም አብሬሽ።»

«አንቺ አልነካሽም። የነካሁት እኔ ነኝ፣ እንደዚያ ነው የምላት።»

«ጉንዳን፣ ማሽን ነው እኮ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይቆረጣል፣ ነገሩ ያልቃል፣ ማንም ምንም አይልም።»

ልክ ነበረች። ነገሩ ያልቃል። ግን ያቺ ሴትዮ የሌለ ነገር መለሰ ብላ ይዛው ትኖራለች። ሲመሽ፣ ብቻዋን ስትሆን ታስበዋለች። ጉንዳን የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ተነሳች።

የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ቴክኒሻኗ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ጉንዳን ከበሩ ላይ ሆና። «አስራ አራት እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን ቀይሬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።»

ቴክኒሻኗ ወደ እሷ ዞረች። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያም ሆኖ ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጣት። «አንቺ ነሽ» አለች። «እሺ። አንቺ ነሽ።»

«ያ ኮምፒውተር የማን ነው?»

«የወንድሜ ነው። ነበር።» መቀመጫ በእጇ አሳየቻት። «ይሄን ሁሉ ኬብል የዘረጋነው ሁለታችን ነን። እሱ ዘጠኝ ነበር፣ እኔ አስራ አራት። መልእክት የምንለዋወጥባት ፕሮግራም ሠርቶ ቀኑን ሙሉ ቀልድ ይልክልኛል፤ ሥራ አያስይዘኝም። አንድ ሐሙስ ተጣላን። በምን መሰለሽ? እኔ የለጠፍኩትን ወረቀት ከኬብሉ ላይ ነቅሎ የራሱን ሊለጥፍ። በዚህ! በእልህ ቁጥሬን ቀየርኩበት። ይጥራ፣ ያጣኛል ብዬ። ዓርብ አሞኛል ብሎ ቀረ። ልቡ ነበር፣ ማንም አላወቀም። ቅዳሜ ሞተ።»

ጉንዳን ያሳየቻትን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያን ሐሙስ የላከልኝ ነገር እዚያው ማሽኑ ላይ ነው ያለው። አስራ አራት እስኪቀበለው ይጠብቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንኳ ራሱ ይነሳና ይጠራኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ መመለስም አቃተኝ፣ ማጥፋትም አቃተኝ። ምን ብሎኝ ይሆን እያልኩ። ተሳድቦም ሊሆን ይችላል እኮ።» አፍንጫዋን በመሃረብ ጠረገች። «ቅድም ብቅ ሲል ደግሞ… እኔ ማሽን ነው የማውቀው። ሌላ ነገር አላምንም። ግን ለአፍታ…»

«እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን ይቆርጡታል።»

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ ሳላየው እንዲያልፍ ነበር የፈለግኩት።»

በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዘጠኝ አስራ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ከውጭ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማል። ቴክኒሻኗ የመጨረሻውን መሳቢያ ሳበች፤ ከወረቀት ሥር ያኔ አስራ አራት የነበረውን ጠርዙ የተላጠ ላፕቶፕ አወጣች፣ ቻርጀሩን ሰካችው። ኬብሉን ልትሰካ ስትል ግን እጇ ቀዳዳውን ሳተው፣ ሁለት ጊዜ። ጉንዳን ተነስታ ሰካችላት።

«ውጭ ልሁን?»

«በሩን ዝጊው» አለች ቴክኒሻኗ።

ጉንዳን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የቁልፍ ሰሌዳው ጥቂት ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ ቴክኒሻኗ ሳቀች፤ እንደ ልጅ፣ አፏን በእጇ የያዘች ይመስል። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠና ጉንዳን ከበሩ ራቅ አለች። ሩቅ፣ በግቢው ጫፍ፣ አንድ ሠራተኛ «ቁረጠው!» ብሎ ጮኸ።

በሩ ሲከፈት የቴክኒሻኗ ዓይን ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን የወትሮው ነበር። «ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«የስልጠናውን ላፕቶፕ ዘግተሽ አምጪልኝ። ሳምንት ሙሉ እዚህ ፊትሽን እንዳላይ።»

«ከሳምንት በኋላስ?»

«ከሳምንት በኋላማ ፈተና አለብሽ። ያመለጠሽን የምትገለብጪበት ደብተር የሚያውስሽ ፈልጊ።»

ጉንዳን ወደ ክፍሉ ስትመለስ ሬዲዮ ላፕቶፑ ፊት ተተክላለች። «ነገርሻት?» አለች፣ ዞር ሳትል። መልሱን ግን አልጠበቀችም። «ነይ እዪ! ይሄ ነገር ሁሉንም ቀድቶታል።»

እውነት ነበር። ላፕቶፑን ማንም አላጠፋውም። ዘጠኝ ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ የላከው ሰላምታ፣ የአስራ አራት መልስ፣ ከዚያ መልእክቱ፣ ተቆራርጦ በአርባ ያህል መስመር። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲደርስ አስራ አራት «ደርሶኛል» ብሏል። አርባውም ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቁጥር አልተናገረም። መልእክቱ አልተቆለፈም፤ አንዱ መስመር ላይ ጠቅ ቢደረግ ቃሉ እንዳለ ይነበባል።

«አልከፈትኩትም» አለች ሬዲዮ። «አንቺን ነው የጠበቅኩት። በናትሽ፣ የመጀመሪያዋን ብቻ። ምን ብሏት ነው እንዲህ የሳቀችው? እዚህ ድረስ ተሰማኝ እኮ።»

ጉንዳን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀስቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሟል። የጣት ክብደት ብቻ ነው የሚቀረው። ቴክኒሻኗ አታውቅም፤ ላፕቶፑን ዘግቶ መስጠት ብቻ ነው። ሬዲዮ ትከሻዋ ላይ አገጯን አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ትንፋሿ ጆሮዋን ይነካል።

«ለእኛ አልተላከም» አለች ጉንዳን።

«ይሁን፣ ግን…»

ጉንዳን የቀኑን ቅጂ ሙሉውን መርጣ ሰርዝ የሚለውን ተጫነች። ላፕቶፑ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጓደኛዋን አላየችም። አዎ አለች፤ ከዚያ የቻርጀሩን ገመድ ከግድግዳው ነቅላ በእጇ ላይ መጠምጠም ጀመረች።